ባዶ የቀረው መስመር

ለምትናፍቂኝ ታናሽ እህቴ፣ እንዴት ከርመሽልኛል? እኔ ጸጉሬ ቢሰናበተኝም ምላሴ አለ፤ ደህና ነኝ።

ለጡቴ ካንሰር የጀመርኩትን ኬሞ አላቋረጥኩም። ሐኪሜን አማክሬ ግን፣ ምግብ የሚመክሩበትና ሰውነት የሚያሹበት ክሊኒክም ጎን ለጎን ልጀምር ነው። ባሌ «እግረ መንገድሽን የእኔንም ወገብ አሳሺልኝ» ይላል።

ልመዘገብ ስሄድ የክሊኒኩ ነርስ ቅጽ ስትሞላ «ከቤተሰብ ይህ ሕመም የነበረበት አለ?» አለችኝ። እናታችንን አስመዘገብኩ።

«እህትስ?»

«እሷማ ብረት ናት!»

«ተመርምራለች?»

«እንጃ» አልኳት። መስመሩን ባዶ ተወችው። የተጀመረ ነገር ሲጓደል እንደማልወድ ታውቂያለሽ፤ እስቲ ሐኪም ቤት ጎራ በይና ተመርመሪልኝ። ለቅጹ ያህል ነው፤ ብቻ ሳትውዪ ሳታድሪ ሂጂ።

ልጆቹን አገላብጠሽ ሳሚልኝ። ለእኔ ስትዪ ደህና ሁኚ።

ታላቅሽ