ሰባቱ ስም ካልተጠራ የማይመዝነው ሚዛን

አቶ ቢረሳው አንዳርጌ ከአባታቸው ከአቶ አንዳርጌ ሐብቴና ከእናታቸው ከወይዘሮ ትርንጎ ፈረደ እ.ኤ.አ. በ1971 በጎንደር ክፍለ ሀገር፣ በወገራ ተወለዱ። በ1984 ከወላጆቻቸውና ከታናሽ እህታቸው ከታፈሰች ጋር በሱዳን በኩል እስራኤል ገቡ። እዚያም ስም መዝጋቢዋ ቢረሳው ማለት ቢያቅታት ዚቭ ብላ ጻፈቻቸው። ኤዲያ! አባት ያወጣውን ስም ለውጪ ብሎ ማን ጠየቃት? አቶ ቢረሳው ወረቀቱን ተቀበሉ እንጂ ስሙን እስከ ዕለተ ሞታቸው አልተቀበሉትም።

በአዳሪ ትምህርት ቤት ተምረው፣ በሠራዊቱ የመገናኛ ክፍል አገልግለው፣ በኮምፒውተር ሙያ ተመረቁ። በ1997 ከወይዘሮ ማሪቱ ጋር በቂርያት መላኪ ተጋብተው ገዴራ ላይ ጎጆ ወጡ፤ ሻኒን፣ ኤሊዮርንና ሊኖርንም ወለዱ።

በ1999 በቤኤር ቱቪያ የኤሌክትሪክ ሚዛን በሚሠራ ፋብሪካ ተቀጠሩ። ሥራቸው ድራይቨር መጻፍ ነበር፤ ኮምፒውተር የተሰካበትን ዕቃ ዐውቆ እንዲያዘው የሚያደርግ ፕሮግራም ነው። በየመጋዘኑ እየዞሩ የሚጭኑትም ራሳቸው ነበሩ። ሚዛኑ ሲበራ ከድራይቨሩ አንድ መለያ ቃል ይጠብቃል፤ ካላገኘ አይሠራም። አቶ ቢረሳው ለዚህ ቃል የመረጡት፣ ልጅ ስንድር የምንቆጥረውን የሰባት ቤት ዘራቸውን ነው፦ ቢረሳው፣ አንዳርጌ፣ ሐብቴ፣ ተገኝ፣ ጀንበሬ፣ ወርቁ፣ ገሠሠ። ያንኑ በእያንዳንዱ ሚዛን ውስጥም አስቀመጡት። መዝጋቢዋ የቆረጠችውን እሳቸው በዚያ ቀጠሉት።

በ2015 ኢዳን የሚባል አለቃ መጣ። ድራይቨሩን ከፍቶ ስሞቹን ሲያይ፣ ይህ ምን ዓይነት ቆሻሻ ነው፣ ይጠረግ አለ። የሰባት ቤት ስም ቆሻሻ! ሲጽፉት እንኳ ያቅለሸልሻል። አቶ ቢረሳው ሚዛኖቹ ያንን ቃል እንደሚጠብቁ በጽሑፍ አስጠነቀቁት፤ አላነበበውም። ስሞቹን ሰርዞ፣ ያልጻፈውን ጻፍኩ ብሎ የራሱን ስም አስገባ። የሰው ላብ የማይቀፈው ሰው! አቶ ቢረሳው ከእሱ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር መዋል ቀፈፋቸውና በዚያው ቀን ሥራቸውን ለቀቁ።

አዲሱ ድራይቨር በተጫነ ማግስት ከቤኤር ቱቪያ እስከ ጋን ያቭኔ በየመጋዘኑ ያሉት ሚዛኖች ሁሉ ሥራ አቆሙ። ሽንኩርቱና ብርቱካኑ ተከምሮ ይሸት ጀመር። ኢዳን ደውሎ ያላ ዚቭ፣ አሁኑኑ ና አላቸው። ዐይነ ደረቅ! እሳቸው ግን በየመጋዘኑ በሸክም ለሚያድሩት፣ ያን ቀን ሥራ ለፈቱት ወገኖቻችን አዝነው ሄዱ። ሄደውም ኮምፒውተሩን በእጃቸው አልነኩትም። ኢዳንን ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ ፊደል በፊደል እየነገሩ፣ ሰባቱንም ስም በገዛ ጣቱ አስጻፉት። ሁለቴ ተሳሳተ፤ ሁለቴም ከመጀመሪያው አስጀመሩት። ሚዛኑ ሲሠራ እጁን ቢዘረጋላቸው ሳይጨብጡት፣ እጃቸውን ታጥበው ወጡ።

ከዚያም በያቭኔ በአንድ የሙያ ትምህርት ቤት ይህንኑ ሙያ አስተማሩ። በ2023 የቆሽት ካንሰር ይዟቸው ብዙ ተሠቃዩ። በኖቬምበር 9 ቀን 2025፣ በ54 ዓመታቸው ዐረፉ፤ ቂርያት መላኪም ተቀበሩ። በዕለቱ ከፋብሪካው የመጣው የአበባ ጉንጉን ለውድ ዚቭ ይላል። ቱ! ከመቃብሩ ላይ አንሥታ የቆሻሻ ገንዳ ውስጥ የጣለችው እህታቸው ታፈሰች ናት፤ ይህንንም የጻፈችው እሷው ናት፣ ይቅርታ አትጠይቅም። የሚዛኑን ስም ግን ማንም አንሥቶ አይጥለውም። ዛሬም ጠዋት ሰባቱ ስም ካልተጠራ በእነዚያ መጋዘኖች አንድ ሽንኩርት አይመዘንም።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ማሪቱ፣ ሦስት ልጆቻቸው፣ የልጅ ልጃቸው ኢላይና እህታቸው በሐዘን ቀርተዋል። ኢላይ ገና አራት ዓመቱ ነው፤ ሰባት ቤቱን ግን ሳይሳሳት ይቆጥራል።

የእስራኤል አምላክ ነፍሳቸውን ከአባቶቻቸው ጋር ያኑርልን። በሚጠራቸውም ቀን ቢረሳው አንዳርጌ ሐብቴ ብሎ ይጥራቸው እንጂ ዚቭ አይበላቸው፤ በዚያ ስም አይነሡምና። አሜን።