የአስታማሚዋ የሥራ ልምድ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን

የኔ ዓለም፣ ልጄ፤

እንዴት ነሽ? ብርዱ በረታ ስትዪኝ ሐሳብ ገባኝ፤ እባክሽ ካልሲ ደርቢ። እኔ ደህና ነኝ። ቤቱ ግን አባትሽን ከቀበርን ወዲህ ጭር ብሏል፤ አልጋው የነበረበትን ባዶ ቦታ አሁንም ዞሬው ነው የማልፈው።

ለዚህ ነው ሥራ የምፈልገው። ከገበያው በላይ ያለው የአረጋውያን መጦሪያ «አስታማሚ እንፈልጋለን፣ ሲቪ አምጡ» የሚል ማስታወቂያ ለጥፏል። አንቺ በስልክ «እማዬ፣ ዕድሜ ልክሽን ቤት ውለሽ ምን ልምድ አለኝ ልትዪ ነው?» ብለሽ ሳቅሽ። እኔም አብሬሽ ሳቅሁ። ስልኩን ስዘጋ ግን እልህ ያዘኝ።

ወረቀት አወጣሁና «የሥራ ልምድ» ብዬ ጀመርኩ፤ ጻፍኩ ጻፍኩና ገጹ ሞላ። ለጎረቤታችን ለሜካኒኩ ባሳየው፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ አነበበና «እትዬ፣ ሥራ የሚፈልገው ማነው? ይሄ እኮ የጋሼ ታሪክ ነው!» አለኝ። ለካ እውነቱን ነው! የአባትሽ ግራ ጎን እንደማይታዘዝለት፣ ምላሱ እንደተሳሰረ፣ ውሃ ትን እንደሚለው፣ ሁሉን ጽፌ እኔ አንድ መስመር ላይ እንኳ የለሁም።

«እሳቸው እንዲህ ሲሆኑ እርስዎ ምን አደረጉ? እሱን ይጻፉ» አለኝ።

እንደገና ጀመርኩ። ጎኑ እንዳይቆስል ቀንም ሌሊትም አገላብጫለሁ፤ አልቆሰለም። ቀና አድርጌ፣ በትንሽ ማንኪያ፣ መዋጡን ጉሮሮውን እያየሁ አብልቻለሁ። መድኃኒቱን በሰዓቱ ሰጥቻለሁ። ሲነጫነጭ ታግሻለሁ፤ ሳህን ሲወረውርብኝ ግን ተቆጥቻለሁ። ይሄን ሜካኒኩ «ይሰርዙት» ቢለኝ እምቢ አልኩት። ሰው እያስታመምሽ ሳትቆጪ ትኖሪያለሽ እንዴ!

መጨረሻው ላይ ስለ ሥራዬ የሚመሰክር ሰው ስም ያስፈልጋል። ያንቺን ልጽፍ እስክሪብቶ አነሳሁና ተውኩት። ልጄ፣ ምን አይተሽ ትመሰክሪያለሽ? በቪዲዮ ከመደወልሽ በፊት ጢሙን ላጭቼ፣ ሸሚዝ ቀይሬለት፣ በትራስ ደግፌ ነበር የማሳይሽ። በሰው አገር ሆነሽ እንዳትጨነቂ ብዬ ነው። «አባዬ አምሮበታል!» ስትዪ እሱም ደስ ይለው ነበር። ስለዚህ አባትሽን አብሮኝ ከአልጋ ሲያነሳ የኖረውን ሜካኒኩን ጻፍኩ። አትቀየሚኝ።

ነገ ጠዋት ራሴ ወስጄ እሰጣለሁ። ዕድሜሽ ገፍቷል ካሉኝ፣ አንዱን ሽማግሌ ይስጡኝና እዚያው ፊታቸው ከአልጋ አንስቼ ወንበር ላይ ላስቀምጥላቸው! እሱንም አናይም ካሉ ሌላ መጦሪያ ሄጄ አንኳኳለሁ እንጂ እጄን አጣጥፌ አልቀመጥም።

ፈጣሪ ከክፉ ሁሉ ይጠብቅሽ፤ የያዝሽው ይባረክልሽ፤ ደግ ሰው ያጋጥምሽ። ከእንግዲህ ቀን ቀን አትደውዪ፣ ሥራ ላይ እሆናለሁ። ማታ ደውዪልኝ። ለስልክ ብዬ ግን ፀጉሬን አላበጥርም፤ እንደደከምኩ እዪኝ።

እናትሽ፣
አስታማሚዋ