ሃያ ደቂቃ በፓርማ

ቶሌራ ወንድሜ፣ አካም ጅርታ?

ትናንት እዚህ ፓርማ ኳስ ገብቼ አየሁ። ማቲያ የሚባል የአስራ ስምንት ዓመት አጥቂ፣ ጣሊያኖቹ ትልቅ ቦታ ይደርሳል የሚሉት ልጅ፣ ጉልበቱ ድኖ ተመለሰ። በሃያ ደቂቃ ጎል አገባ፤ አሰልጣኙ ግን ወዲያው ቀየረው። "አላመመኝም፣ ልጫወት" ብሎ ቢለምን አልሰማውም። ሰዉ ተነስቶ ሲያጨበጭብ እኔ አንገቴን ደፋሁ።

አንተም በእሱ ዕድሜ ሳለህ ሁሩታ ሜዳ ላይ "ጉልበቴ ከዳኝ፣ አስወጡኝ" ስትል አምበሉ ማን ነበር? "ወንድ ሁን!" ብዬ መልሼ አስገባሁህ። "ያነከስኩት ያን ጊዜ ጉልበቴን ባሸኝ ወጌሻ ነው" ባልክ ቁጥር አብሬህ ስረግመው ኖርኩ።

ፖስትካርዱ ላይ ቦታ አለቀብኝ፤ ፋኢዛንና ልጆቹን ሳምልኝ። ሽማግሌውን ወጌሻ ግን ተወው፤ የሚረገም ካስፈለገህ እኔ አለሁ።

መርዳሳ