በሩ አጠገብ ያለው ወንበር

ለውድ ታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

እንደምን ከረምሽ? ሰውነትሽ እንዴት ነው? እንቅልፍሽስ፣ ምግብሽስ፣ ያ ብርድ ሲገባ የሚያስቸግርሽ ወገብሽስ? እማዬና አባዬ እንዴት ናቸው? ትንሿ እህታችንስ፣ አሁንም መጽሐፍ ደረቷ ላይ አድርጋ ነው የምትተኛው? እንቅልፍሽንና ምግብሽን መጠየቄን ደግሜ ሳነበው ልሰርዘው ነበር፤ ለታካሚዎቼ የማቀርበው ጥያቄ መሰለኝ። ከዚያ ተውኩት። ወንድምም ይህን ይጠይቃል። እኔ በጤናዬ ደኅና ነኝ። በሌላው በኩል ደኅና አለመሆኔን ደብዳቤው ራሱ ይነግርሻል።

ስደውል ስልኩን እማዬ ታነሳና «ተኝታለች» ትለኛለች። አንቺ ቀን ተኝተሽ አታውቂም፤ እማዬም ውሸት አትችልበትም። ከኋላዋ የሳህን መንኳኳት ይሰማኛል። በዚያ ቤት ሳህን እንደ ጠላት የሚያጥብ ካንቺ ሌላ ማን አለ? ማናገር እንዳልፈለግሽ ገብቶኛል። አልፈርድብሽም። ለዚህ ነው በደብዳቤ የመጣሁብሽ፤ ደብዳቤ ስትፈልጊ ታነቢዋለሽ፣ ሳትፈልጊ ትተዪዋለሽ።

የተከራየሁባት ክፍል ያችው ናት። ከሥሬ ያለው ልብስ ሰፊ መኪናውን ማልዶ ስለሚያስነሳው አልጋዬ አብሮት ይንቀጠቀጣል፤ እንዲያው ሰዓት መግዛት አላስፈለገኝም። ሥራ በዝቷል። የክሊኒካችንን ኮሪደር አዲስ ቀለም ቀብተውት ሁላችንም ትከሻችን ነጭ ሆኖ ሰነበትን።

ትልቁ ወሬ የማኅበራችን ነው። በሥነ ልቦና፣ በምክርና በአእምሮ ጤና የምንሠራ ሰዎች ማኅበር እንዳለን ነግሬሽ ነበር። ዘንድሮ ስለ እኩልነትና አካታችነት ቃል ኪዳን ሊያወጣ ተነሳ። ነገሩ የወግ አይደለም። እኛን ብሎ የመጣ ሰው በቋንቋው፣ በአካል ጉዳቱ ወይም በኑሮው ምክንያት ከደጅ ይመለሳል። መስማት የተሳናት አንዲት እናት አስተርጓሚ የለም ተብላ፣ ያዘለችውን ልጅ እያባበለች ስትመለስ በዓይኔ አይቻለሁ፤ አንጀቴን በልታኛለች። እናም ኮሚቴ ሲቋቋም ሳልጠራ ገባሁ። የጽሑፍ ነገር ሲሆን ታውቂኛለሽ፣ ፊደል ያስቆጠርሽኝ አንቺ ነሽ፤ ብዕሩን ከእጃቸው ቀማኋቸው። ካረቀቅሁት ሁሉ ያስጨበጨበልኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፦ «ስለ ማንም ሰው፣ ባለቤቱ በሌለበት አንወስንም።» የዚያን ዕለት ደረቴን ነፍቼ ነው ቤቴ የገባሁት።

ቃሉ ወረቀት ላይ ብቻ እንዳይቀር፣ የአእምሮ ሕመምን በራሳቸው ያዩ ሰዎች ኮሚቴው ውስጥ እንዲገቡ ተስማማን። መጀመሪያ የመጡት አንድ ጠበቃ ናቸው። በወጣትነታቸው ሆስፒታል ተኝተው ያውቃሉ፤ እስከ ዛሬም መድኃኒታቸውን ይወስዳሉ፤ ችሎት ፊት ሲቆሙ ግን ተቃራኒያቸው ወረቀቱ ይጠፋበታል ይባላል። ወንበሮቹን ያስተካከልኩት እኔ ነበርኩ። የሳቸውን ከመስኮቱ በኩል፣ የራሴን ከበሩ አጠገብ አደረግሁ። አስቤበት አይደለም፤ እጄ የለመደው ነው። ስንማር ከሚነገሩን ነገሮች አንዱ ይህ ነው፦ ከታካሚ ጋር ስትቀመጥ በሩ ወዳንተ ይቅረብ፣ ነገር ቢበላሽ መውጫ እንዳታጣ።

ጠበቃው ገቡ። ወንበሩን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ሳይቀመጡም ፈገግ አሉ። «ልጄ፣ ይቺን ወንበር በደንብ አውቃታለሁ፤ ብዙ ዘመን ተቀምጬባታለሁ። ዛሬ ግን የመጣሁት ለስብሰባ ነው» አሉኝ። ሰዉ ሳቀ። እኔም ለመሳቅ ሞከርኩ፤ ፊቴ ግን እሳት ሆኖ ነበር። ቦታ ተቀያየርን። በሩ አጠገብ ተቀምጠው ስለ አስተርጓሚ፣ ስለ ክፍያ፣ ስለ ሁሉም ነገር ተናገሩ፤ የወንበሩን ነገር ደግመው አላነሱትም። እኔ ግን ከዚያ በኋላ የተባለውን እምብዛም አልሰማሁም። መስኮቱ ሥር ተቀምጬ የማስበው አንቺን ነበር።

ባለፈው የመጣሁ ጊዜ ትዝ ይልሻል? አንቺም እንደሳቸው ታመሽ፣ ከተሻለሽ ግን ሰንብቶ ነበር። ለአንደኛ ክፍል ልጆችሽ ከካርቶን ፊደል ትቆርጪ ነበር። ክፍልሽ ገባሁና በርጩማዋን ከመስኮቱ ሥር አንስቼ በሩ ጋ አድርጌ ተቀመጥኩ። ቀና ብለሽ በርጩማዋን አየሽ። ቀጥሎ እኔን አየሽ። ከዚያ መቀሱን መሳቢያ ውስጥ ከተትሽና ካርቶኑን በእጅሽ መቅደድ ጀመርሽ። እኔ ምን ተሰማኝ መሰለሽ? እፎይታ። ልብሽን ሳይሆን መቀሱን ነበር የማየው። እታለም፣ የፈራሁት ያንን እጅ ነው፤ አፍንጫዬን እየጠረገ ትምህርት ቤት ያደረሰኝን እጅ። ይህን ስጽፍ ከአፈር በታች ነኝ።

የቀረውን ታውቂዋለሽ፤ ከኔ አፍ ግን አልሰማሽውም። ትምህርት ሊከፈት ሲል እማዬ ደውላ ወደ ማስተማሪያ ክፍልሽ ልትመለሺ እንደሆነ፣ ሐኪምሽም እንደተስማማ ነገረችኝ። በድምፅዋ ደስታ ነበረበት። እኔ ግን ዘንድሮን ትረፍ አልኳት። «እሷ እኮ ዝግጁ ነኝ ትላለች» ስትለኝ፣ «ባለሙያው እኔ ነኝ» ብዬ አፏን አስያዝኳት። ቀጥዬ ለትምህርት ቤትሽ ርዕሰ መምህርት ደወልኩ። በዚያ ለስለስ ባለ የሥራ ድምፄ ለልጆቹም ላንቺም ይሻላል እያልኩ አሳመንኳት፤ ክፍሉም ለሌላ መምህርት ተሰጠ። ያንቺን ሐኪም አልጠየቅሁም፣ አንቺን አልጠየቅሁም። ፊደሎችሽን በፌስታል ይዘሽ ክፍሉ በር ላይ ስትደርሺ ሌላ ሰው ስም ሲጠራ አገኘሽ።

ላንቺ ብዬ ነው ልል ነበር። ግማሹ እውነት ነው። የቀረው ግማሽ ግን ለስሜ ፈርቼ ነው። ልጆች ፊት አንድ ነገር ብትሆኚ «ወንድሟ የሰው አእምሮ ያክማል፣ የራሱን ቤት ግን…» እንዳይባል ነው። ያቺን የተጨበጨበላትን ዓረፍተ ነገር ዓይኔን በጨው አጥቤ የጻፍኩትም በዚያው ሰሞን ነው። ስጽፋት አንቺ ትዝ አላልሽኝም። ከሁሉ የሚከብደኝ ይሄ ነው። ይቅር በይኝ፤ ባትዪኝም ትክክል ነሽ።

ከስብሰባው እንደወጣሁ መንገድ ላይ ቆሜ ለርዕሰ መምህሯ ልደውል ስልኬን አወጣሁ። ተሳስቻለሁ፣ ክፍሏን መልሺላት ልላት። ቁጥሩን ጀምሬ ተውኩት። አሁንም አንቺ በሌለሽበት ስላንቺ ልናገር ነበር እኮ። ምናልባት ያንን ግቢ ዳግመኛ ማየት አስጠልቶሽ ይሆናል። ምናልባት አዲሷን መምህርት ማስነሳት አትፈልጊ ይሆናል። ምናልባት ራስሽ ሄደሽ ጠረጴዛ መደብደብ አምሮሽ ይሆናል። አላውቅም፤ ጠይቄሽ አላውቅማ።

ስለዚህ እጠይቅሻለሁ፦ ምን ላድርግ? ደውል ካልሽኝ እደውላለሁ፣ ጥፋቱ የኔ መሆኑን በጽሑፍ ላክ ካልሽኝ እልካለሁ። ና ካልሽኝ ፈቃድ ጠይቄ እመጣና ካንቺ ኋላ ቆሜ አንቺ ስትናገሪ እሰማለሁ። አፍህን ዝጋ ካልሽኝም እዘጋለሁ፤ ይሄኛው ከሁሉም እንደሚከብደኝ ታውቂያለሽ።

ቃል ኪዳኑን በጠቅላላ ጉባኤው ላይ እንዳነብ የተመረጥኩት እኔ ነበርኩ። ሌላ ሰው ያንብበው አልኳቸው። ለምን ሲሉኝ ያንቺን ነገር ያለፈቃድሽ ማውራት ስላልፈለግሁ ጉሮሮዬን አሞኛል አልኩ። ሊቀመንበሯ አዝና አንድ ከረጢት የጉሮሮ ከረሜላ ላከችልኝ። እያፈርኩ ጨረስኩት።

ለእማዬም ከእንግዲህ አንቺ ስልኩ አጠገብ ከሌለሽ ስላንቺ እንደማላወራ ነግሬያታለሁ። «ታዲያ ስለ ምን ልናወራ ነው?» አለችኝ። እውነትም ወሬ አጣን። በመጨረሻ ስለሚያፈሰው ጣራ አውርተን ዘጋን።

እማዬን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ እሷን አትቆጪያት፣ ያመነችው እኔን ነው። አባዬን ጉልበቱን ሳሚልኝ፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ አድርጎ እሱኑ ሲፈልግ ቤቱን እንዳያተራምስም ንገሪልኝ። ትንሿን እቀፊልኝ፤ ለፈተናዋ የጠየቀችኝን መጽሐፍ አግኝቻለሁ በያት። ደብዳቤውን ለነሱ ማንበቡንም አለማንበቡንም ላንቺ ትቻለሁ።

ስመጣ በርጩማዋን የት እንደማደርጋት ንገሪኝ፤ እዚያው እቀመጣለሁ። መቀሱን ግን፣ እባክሽ እታለም፣ ከመሳቢያው አውጪው።

ፊደል ያስቆጠርሽው ወንድምሽ

ከልብስ ሰፊው በላይ ካለችው ክፍሌ
እሑድ፣ ጥቅምት 14 ቀን