የጋቢዬ ጫፍ

ሐሙስ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፶ ዓ.ም.፣ ጎንደር

ሳንባዬ ከታመመ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ዛሬ ያደከመኝ ግን ጠያቂ ነው። የሚካኤል ዕለት ስለሆነ ቤተ ክርስቲያን ስሞ የተመለሰ ሁሉ በዚያው ወደ እኔ ጎራ አለ። ሰው ሲገባ ደግሞ “ኖር” ብሎ መነሣት ግድ ነው። አራት ጊዜ ተነሣሁ። በአራተኛው ትንፋሽ አጥሮኝ “ኖር”ን በእጄ ጨረስኳት።

ነገ አዘዞ ወርጄ ልጃችን የወለደቻትን ሕፃን ለማየት አስቤ ነበር። እንዲህ ከዋልኩ ግን ከአልጋም አልወርድ። ባለቤቴ ጥሩነሽ ነገሩ ገብቷት መጥታ የጋቢዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ወዲያው የንስሐ አባታችን ገቡ። ልነሣ ብል ጋቢው ያዘኝ።

“አባ፣ ይቅር ይበሉን፤ ተቀምጬበት ነው” አለች።

“ምነው፣ አንቺስ አትነሺም?”

“እኔ ከተነሣሁ እሱም ይነሣል።”

አባ ሣቁ። “በእግዜር፣ በእግዜር። ሁለታችሁም ተቀመጡ።”

በሠላሳ ዓመት ትዳራችን ቄስ ሲገባ ተቀምጣ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። ፊቷ ፍም መስሏል።

አባ ሲወጡ፣ “ለነገ የሚሆን ጉልበት ተረፈህ?” አለችኝ።

ተርፎኛል አልኳት። ያመነችኝ አልመሰለኝም፤ ከጋቢው ላይ አልተነሣችም።