ዝም ያሰኘኋት መኪናህ

ታድዬ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ልታውቀው የሚገባህን ልንገርህ። መኪናህን አልሸጥኳትም። ግን አበላሽቻታለሁ። ያበላሸኋትም እኔ ነኝ እንጂ ሌላ ማንም አይደለም። ይህን ሳልናገር ስለ ሌላ ነገር ብጽፍልህ ደብዳቤው ውሸት ይሆንብኛል።

ከተለየኸኝ አስር ወር ከአስራ ሁለት ቀን ሆነ። ቤቱ እንዳለ ነው። የጓሮው ኮክ ዘንድሮ ብዙ አፈራ፤ ለቃሚው ስላልነበርክ ግማሹን ወፍ በላው። ልጃችን ማህሌት ከሆስፒታል ሥራዋ ስትወጣ እኔ ጋ እየመጣች ታድራለች። የምትመጣው ብቻዬን እንዳልሆን ብላ እንደሆነ አውቃለሁ፣ እንዳላወቅኩ እሆንላታለሁ። ጫማዎችህን ለቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ጥበቃ ሰጠኋቸው፤ ልክ ሆኑለት። መነጽርህ ግን ካስቀመጥክበት መስኮት ላይ አልተነሳም። ክረምቱም ገብቷል።

አሁን ወደ ጥፋቴ።

ቀስ ብለህ ወደ በራችን ስትታጠፍ ከመኪናዋ ኋላ፣ ከሁለቱ ጎማዎች መካከል፣ የሚወጣውን ጉርምርምታ ታስታውሳለህ። የተማሪዎች ደብተር ሳርም ያ ድምፅ ሲሰማኝ ቀዩን እስክሪብቶ አስቀምጬ ምሳ ላቀርብ እነሳ ነበር። ሃያ ዓመት ሰማሁት፤ ምንድን ነው ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅኩህም። አንተ ሄደህ መሪውን እኔ ስይዝ ግን ያው ድምፅ አስፈራኝ። ሆስፒታል ተኝተህ ያልከኝ ነገር አለ። ‹‹ለሙት ዓመቴ አገሬ ትክል ድንጋይ ስትመጪ በሚኒባስ እንዳይሆን። በእሷ፣ አንቺው ነድተሽ ነይ›› ብለኸኛል። እሺ ብዬሃለሁ። እንግዲያው በዚያ ዳገት ላይ የምታጉረመርም መኪና እንዴት ይዤ እወጣለሁ አልኩና ወደ ሞገስ ጋራዥ ወሰድኳት።

ሞገስን ጥፋተኛ አታድርገው። እኔ ሒሳብ ያስተማርኩት፣ አንተ ደግሞ ከእሱ በቀር ማንንም መካኒክ የማታስነካው ያው ሞገስ ነው። አስጠንቅቆኛል። ‹‹ቲቸር፣ ጋሽ ታደሰ ይሄን ድምፅ እንዳትነካ ብለውኛል። በሽታ አይደለም፣ ጠባይዋ ነው›› አለኝ። ሠላሳ አራት ዓመት ስህተት ሳርም የኖርኩ ሰው ነኝና ስህተት ጠባይ አይባልም፣ አስተካክለው አልኩት። አንገቱን ደፍቶ የሞተሩን ጉልበት ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያካፍለውን የአንተን ዲፈረንሻል አወረደው፤ በምትኩ እንደ እሷው ካለች ተራ መኪና የተፈታ ገጠመላት። በአንተው ውስጥ የነበሩትን ያረጁ ቀጫጭን የብረት ሳህኖች ቁራሌ ወሰዳቸው። መኪናዋ ጸጥ አለች፤ እኔም ደስ አለኝ። እስከ ዛሬ ራሴን ይቅር ያላልኩት ያን ደስታ ነው።

ለመንፈቅህ ትክል ድንጋይ በእሷ ሄድኩ፣ ለሙት ዓመቱ መለማመጃ ይሆነኛል ብዬ። አስፋልቱ ላይ ሸጋ ነበረች። ከዋናው መንገድ ወርደን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በሚያስገባው ቀጭን መንገድ፣ ጎርፍ የቦረቦረው ቦታ ላይ ግን ቀኝ የኋላ ጎማዋ አየር ላይ ቀረ። ነዳጅ ብሰጣት ያ ጎማ ብቻ ይሽከረከራል። መሬት የያዘው ግራው ንቅንቅ አይልም። ወንድምህ አያ ውበቱ በትሩን ተደግፎ መጣና አየን። ‹‹ምነው ጽጌ፣ ይች ማኪና በአንድ እግሯ ብቻ ትፈራገጣለች? ሌላው እግሯ እኮ ቁጭ ብሎ ያያታል!›› አለኝ። የገፉን ሰዎች ሳቁ። እሱ ሳቀና መልሶ ኮስተር አለ። ‹‹የወንድሜ ማኪና እንዲህ አልነበረችም። ምን አብልተሻት ነው?›› ብሎ ጠየቀኝ። ስደርስ ካህናቱ ጸሎቱን ጨርሰው ካባቸውን ያጣጥፉ ነበር። ያ በየካቲት ነው፣ በደረቅ መሬት። ሙት ዓመትህ ግን ፍልሰታ እንደተፈታ፣ ጭቃው ጉልበት በሚደርስበት ሰሞን ነው።

ማህሌት ‹‹እማዬ፣ ላንድክሩዘር እንከራይ፣ አባባ ይረዳሻል›› ትለኛለች። እሺ ያልኩህ ግን እኔ ነኝ፤ እሷ አይደለችም።

ስለዚህ ተማርኩ። የምታውቀውን የምደግምልህ መማሬን እንድታይልኝ ነው። ሞገስ መኪናዋን በክሪክ ሲያነሳት ከቦርሳዬ ጠመኔ አውጥቼ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች ላይ ቀስት ሳልኩ። ቀኙን በእጄ ወደፊት ሳዞረው የግራው ቀስት ወደኋላ ሄደ። ተራው ዲፈረንሻል እንዲህ ነው፤ ጉልበቱን ሁሉ ለሚቀለው ጎማ ይለቀዋል። የአንተ ቢሆን ሁለቱ ቀስቶች አንድ ላይ ወደፊት ይሄዱ ነበር። ሳህኖቹ እርስ በርስ ተጫጭነው ሁለቱን ጎማዎች ያስተባብሯቸው ነበርና። ጉርምርምታውም ሌላ አልነበረም፤ በጠባብ መታጠፊያ ሳህኖቹ እየተፋተጉ ሲንሸራተቱ ነው። ይህን ሳደርግ አንድ ቅዳሜ ትዝ አለኝ። ግቢያችን ውስጥ የኔኑ ጠመኔ ወስደህ ጎማ ላይ ቀስት ስለህ፣ ‹‹ጽጌ፣ ነይ እዪ›› ብለኸኝ ነበር። ሰባ ሁለት ደብተር ቀርቶኛል፣ ቆይ አልኩህ። ብቻህን አዞርከው። ያን ቀን ብነሳ ኖሮ ሳህኖቹ ዛሬ እቦታቸው ነበሩ።

የድሮው ቅርፊት ከነትላልቅ ጥርሶቹ ሞገስ መደርደሪያ ላይ አለ። ትልቁ ጥርሳም ቀለበት አርባ አንድ ጥርስ አለው፣ ትንሹ አስራ አንድ። ሁለት ጊዜ ቆጠርኳቸው፤ ዕቃ ሻጩ ‹‹ማንኛውም ይገጥማል›› ስላለኝ ነው የቆጠርኩት። የሚገዛው እንግዲህ መሃሉ ነው፤ ምርጫውም ሦስት ነበር። አንዱ አዲስ አበባ ከተገጨች መኪና የተፈታ ነው። ሻጩ ማለበት፤ ውስጡን ካልከፈቱት የሳህን ማለቅ በመሐላ አይታወቅምና ተውኩት። ሁለተኛው ሳህን የሌለው፣ በጥርስ ብቻ የሚሠራው ነው። አያጉረመርምም፣ ልዩ ዘይት አይፈልግም፣ ቶሎ አያልቅም። የዕድሜዬ ሰው የሚነዳው ይህን ነው ብዬ አንደኛ ሰጥቼው ነበር። ሦስተኛው እንደ አንተው ባለ ሳህን ነው። ይጮኻል፣ ከተራው ዘይት ጋር የሚደባለቅ ሌላ ፈሳሽ ይፈልጋል፣ ከዓመታት በኋላም ተከፍቶ ሳህኖቹ ይቀየራሉ።

ከዚያ ያ ቦረቦር ትዝ አለኝ። ባለ ጥርሱ ሁለቱም ጎማ መሬት ሲነካ ጎበዝ ነው። አንዱ አየር ላይ ሲቀር ግን እንደ ተራው ይሰንፋል። ሞገስ ‹‹የእጅ ፍሬኑን ትንሽ ያዝ አድርገው ቀስ ብለው ይንዱት፣ ያልፋል›› ይለኛል። በዚያ ጭቃ ውስጥ መሪ፣ ማርሽና የእጅ ፍሬን በአንድ ጊዜ ለመያዝ ሦስተኛ እጅ ከየት ላምጣ? ባለ ሳህኑ ግን ውስጡ ያሉት ሞላዎች ሳህኖቹን ሁልጊዜ ስለሚጫኗቸው መሬት የያዘውም ጎማ የተወሰነ ግፊት ያገኛል። ስለዚህ ውጤቱን ገለበጥኩት። ባለ ሳህኑ አንደኛ ወጣ።

የተቸገርኩት እዚህ ላይ ነው። ታስታውሳለህ፣ ማህሌት በክፍሌ ስትማር የእሷን ፈተና አላርምም ነበር። ለሌላ መምህር እሰጠው ነበር፣ እጄ እንዳያደላ። አሁንም እጄን አላመንኩትም። ባለ ሳህኑ ያሸነፈው በቦረቦሩ ነው ወይስ ያ ጉርምርምታ በበራችን እንዲመለስ ስለፈለግኩ? ባለፈው ሳምንት ማህሌት መኪናህን ነድታ ስትገባ ድምፅ ስላልነበራት ሳልሰማት ቀረሁ። እሷ በሩ ላይ ቆማ እኔ ወንበሬ ላይ ነበርኩ፤ ለምን እንዳለቀስኩ ልነግራት አልቻልኩም። ምክንያቱ ትክክል ቢሆንም፣ ልቤ አስቀድሞ ከወሰነ ማርኩ ንጹህ አይደለም። ጎማ ላይ ያለ ነገር ደግሞ በናፍቆት አይመረጥም፤ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅህ ናት።

ስለዚህ ሁለተኛው አራሚ አንተ ሁን። የእኔን ማርክ እንዳልነገርኩህ ቆጥረህ ከመጀመሪያው እረምልኝ። በሕልምም ቢሆን፣ መጽሐፍህ ውስጥ በሚገኝ ቁራጭ ወረቀትም ቢሆን፣ አንተ በምታውቀው መንገድ።

ከእንግዲህ የአንተ የሆነ ነገር እንግዳ ሲሆንብኝ፣ ከማረሜ በፊት ምንድን ነው ብዬ እጠይቃለሁ። የጠመኔውን ቀስቶችም አላጠብኳቸውም። ዝናቡ እስኪወስዳቸው ይቆያሉ፤ ሲጠፉም መልሼ እስላቸዋለሁ።

ዕቃ የሚያስመጣው ሰው ትዕዛዙን የሚልከው ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ካለፈ ለሙት ዓመትህ አይደርስም። ዛሬ ረቡዕ ነው። ታድዬ፣ አሁን ግን ቆይ አልልህም፣ ደብተሩን ዘግቼ ተቀምጫለሁ። እባክህ ቶሎ መልስልኝ።

ያንተዋ ጽጌ
ጎንደር፣ ቁስቋም