የሰገን ልጅ

ጥቅምት 17

ሩዙ መታጨድ ጀመረ። ወደ ጉማራ ወንዝ ያለው ማሳ ገና ጭቃ ነው፣ ይቆያል። ጠዋት ኪዳን አደረስኩ። ከዚያ አጫጆቹ ዘንድ ዋልኩ። ልቤ ግን ሌላ ቦታ ነበር...

ለራሴ ልናገረው። አምና ሚስቴ ትሩፋት ስትቀበር የተነበበውን የሕይወት ታሪክ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ለእድሩ ሟች ሁሉ የምጽፍ እኔ አይደለሁ? መጀመሪያ "ከሸክላ ሠሪ ቤተሰብ ተወለደች፣ እስክታገባም ሸክላ ትሠራ ነበር" ብዬ ነበር። አንብቤ ሰረዝኩት። "ከአርሶ አደር ቤተሰብ" አልኩበት። እንዲያምር ነው አልኩ... ለማማር ነበር? እዚህ አገር ገበሬ ከሸክላ ሠሪ እንደማይጋባ ጠፍቶኝ ነው? ያገባኋት ጊዜም የገበሬ ልጅ ናት ብዬ ነው ያስገባኋት። ሚስቴ ዕድሜዋን ሙሉ ዝም አለችልኝ።

ሙት ዓመቷ ኅዳር ሚካኤል ነው። በእኛ እድር ያን ዕለትም ይነበባል። እንደገና መጻፍ አለብኝ።

ጥቅምት 20

"ደግ ነበረች" ብዬ ጻፍኩ። አነሰብኝ። "በደግነቷ የታወቀች" አልኩ። እሱንም ሰርዤ "ደግነቷ ያልደረሰበት ደጅ የሌለ"...

ባሳመርኩት ቁጥር ትርቀኛለች። ትሩፋት ደግ ብቻ ነበረች? ለጎረቤቷ ሩዝ እየሰፈረች፣ "እንኪ ውሰጂ፣ ነገ ደግሞ ያንን ምላስሽን ይዘሽ እንዳትመጪ!" የምትል ሴት አልነበረችም? ይኼን ማን ይጽፋል?

ጥቅምት 23

ወረታ ገባሁ፣ ኮምፒውተር ቤት። ትሕትና የምትባለው ልጅ ናት የምትተይብልኝ። ገና ሁለት መስመር አንብባ ሳቀች።

"አባባ፣ ይኼን እኮ ለአቶ ማረው ጽፌዋለሁ። ካለው ላይ ስሙን ልቀይረው? ወንዱን ሴት ማድረግ ነው።"

ወረቀቴን ተቀብዬ ወጣሁ። ማረው እኮ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ለመንገደኛ ውኃ የማያቀምስ ሰው ነበር። እሱንም ያሳመርኩት እኔ ነኝ።

ጥቅምት 27

የትሩፋትን ታናሽ እህት ለሙት ዓመቱ ልጠራ አንበሳሜ ገበያ ሄድኩ። እማዋይሽ ድስትና ገንቦዋን ደርድራ ተቀምጣለች። ፈንጠር ብዬ ቆሜ ሰላም አልኳት። የሚያውቀኝ ሰው ይኖር ይሆን እያልኩ ዞር ዞር ስል አየችኝ።

"ይቀመጡ እንጂ ዋርሳዬ። ሸክላው አይነክስ።"

ተቀመጥኩ። ነገርኳት።

"አልመጣም።"

"ምነው እማዋይሽ? እህትሽ እኮ ናት።"

"የኔን እህት መቼ ቀበሩ? አምና ያነበባችሁላትን ሴትዮ አላውቃትም። ለማላውቃት ሴት ንፍሮ ልቆረጥም ነው እናንተ መንደር ድረስ የምመጣው?"

አጠገቧ ያሉት ሻጮች ሳቁ። እሷ አልሳቀችም።

ኅዳር 1

ቅዳሴው አለፈኝ። ቆሜ ያንኑ ወረቀት በሐሳቤ ሳርም... የንስሐ አባቴን አማከርኳቸው።

"ውሸቱ የትኛው ነው?" አሉኝ።

"አንድ መስመር ናት፣ አባ።"

"እና እሷን ነው የምታርመው ወይስ ዙሪያዋን?"

ዙሪያዋን።

ኅዳር 4

ልጄ ፍሬህይወት ከሐሙሲት መጣች። የሸክላዋንም መስመር አስገብቼ አነበብኩላት።

"የባሌ ቤተሰቦች ይመጣሉ እኮ፣ አባዬ።"

"አውቃለሁ።"

"ሲጠይቁኝ ምን ልበል?"

ወረቀቱን አጠፍኩት። የኔን ውሸት ለሷ አውርሼ... ሰርዘው አላለችኝም። ተወው፣ ይነበብም አላለችኝ። ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች።

ኅዳር 8

ሰረዝኩት።

ኅዳር 9

መልሼ ጻፍኩት። ወረቀቱ ሊቀደድ ደርሷል።

በእድሩ ታሪክ የሚያነብ አንለይ ነው፣ ድምፀ መልካም። ወረቀቱን ሰጠሁት። ያቺ መስመር ላይ ሲደርስ ቀና አለ።

"ጋሼ፣ ይቺን ብዘላትስ? ለርስዎ ብዬ ነው።"

ለኔ ብሎ! እኔስ ለማን ብዬ ነበር?

"አምጣው፣ ራሴ አነባለሁ" አልኩት።

ኅዳር 12

ጸሎተ ፍትሐቱ አልቆ ሰው ዳስ ውስጥ ተቀመጠ። ቆምኩ። ወረቀቱን ዘርግቼ ማንበብ ጀመርኩ። "ያንን ምላስሽን ይዘሽ እንዳትመጪ" የሚለውን ሳነብ ጎረቤቷ እያለቀሰች ሳቀች። ከዚያ ያቺ መስመር መጣች።

"ትሩፋት ሸክላ ሠሪ ነበረች። ሸክላውን ያስተውኳት እኔ ነኝ። ያስዋሸኋትም እኔ ነኝ።"

ሁለት ሰዎች ጠላቸውን አስቀምጠው ወጡ። የፍሬህይወት አማት አቀረቀሩ። የሚቀጥለው መስመር ጠፋብኝ... ያኔ ከበሩ በኩል፣

"ዋርሳዬ! የማን ልጅ ናት? የእናታችን ስም የታለ?"

እማዋይሽ። መጥታለች!

እውነቷን ነው። የአባቷን ስም ጽፌያለሁ። ያን ሁሉ ስሰርዝና ስደልዝ፣ ሸክላውን ያስተማረቻትን እናቷን አንዴ እንኳ አላነሳሁም።

"ሰገን" አልኩ።

"አልሰማንም!"

"ሰገን!"

ፍሬህይወት ብድግ አለች። የአክስቷን እጅ ይዛ አመጣቻት፣ በራሷና በአማቷ መካከል አስቀመጠቻት። ሴትዮዋ አዩዋት... ጠጋ አሉላት።

እስክሪብቶዬን ከኪሴ አወጣሁ። በርከክ ብዬ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየኝ፣ "የሸክላ ሠሪዋ የሰገን ልጅ" ብዬ ከመስመሩ በላይ አስገባሁ። ቀና ብዬም ከመጀመሪያው ጀምሬ እንደገና አነበብኩ።